አምስት ጃኬት ከዐሥራ ሦስት ሱሪ

ጥር 1፣ ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ አራት ልጆች ሱቄ ገብተው በአንድ ስልክ ላይ ተደፉ። ሥዕሉን ሦስቱ እየተቀባበሉ አሳዩኝ፤ አራተኛው በር ላይ ቆሞ መንገደኛውን ያያል። ትከሻው የወረደ፣ ወገቡ ያጠረ፣ ደማቁና የነጣው ሰማያዊ የተጋጠመበት የጂንስ ጃኬት ነው። ጀርባው ላይ እንደ መስኮት የተከፈተ አራት ማዕዘን አለ፤ በውስጡ ሌላ ጨርቅ ገብቶበታል።

«እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት አራት ይስፉልን። ጀርባው ላይ ግን የሀገር ልብስ ይግባበት» አለ ረጅሙ።

«አራቱም አንድ ዓይነት ይሁን» አለ ባለባጃጁ ከኋላው።

ጓደኛቸው ሊያገባ ነው። ሠርጉ የካቲት 1 ቅዳሜ፣ መልሱ በማግስቱ እሑድ። ሰኞ ነነዌ ስለሚገባ ከዚያ የሚያልፍ ድግስ የለም። ለቅዳሜው ሱፍ ይከራያሉ። ለመልሱ ግን፣ ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲመጣ፣ እነሱ በዚህ ጃኬት ሊገቡ አስበዋል። ከአራቱ ሚዜዎች ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ደሴ ላይ ሚዜ ሲመረጥ ይህን የሚቆጥር የለም። አራቱም ሲምሉ «ወላሂ» ስለሚሉ እኔም የትኛው የቱ እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ሱሪውን እነሱ ይገዛሉ፤ ክሩ፣ ቁልፉና ገበሩ ከእኔ። የእጅ ዋጋ ለአንዱ 1500 ብር ብዬ በ1300 ተስማማን።

አባቴ የደንበኛ ልኬት የሚጽፍበት ደብተር ነበረው። ከእርሱ የወረስኩት የእግር ሲንጀሩን፣ መቀሱንና ይህን ልማድ ነው። እርሱ ቁጥር ብቻ ነበር የሚጽፈው፤ እኔ ወሬ እጨምራለሁ።

ጥር 5፣ ሰኞ

ሰኞ ባቲ ነው። ገና ሳይነጋ ከረጅሙና ከባለባጃጁ ጋር ተሳፈርን። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የሐረጎን ቁልቁለት የወረድነው በጋቢ ተጠቅልለን ነው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢው ታጠፈ፤ ባቲ ስንደርስ ሹራቡም ወለቀ። ወሎ ውስጥ ልብስን የሚመርጠው ግማሽ በግማሽ ከፍታው ነው፤ ላይ ባና፣ ታች ሽርጥ።

ገበያው ውስጥ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራው፣ አርጎባውም ሳይጠየቅ ከአለባበሱ ይለያል። ጎፈሬው ላይ ሚዶ የሰካ አንድ የአፋር ወጣት በአጠገባችን ሲያልፍ ባለባጃጁ ፈዞ ቀረ። የራሱ ጸጉር ግራ ቀኙ ተላጭቶ መካከሉ የቆመ ነው፤ ይህንን ለማቆም በየሳምንቱ ለጸጉር አስተካካይ ይከፍላል። ፎቶ አብረን እንነሣ ብሎ ጠየቀው። ወጣቱ እሺ አለ፣ ግን በመጀመሪያ የባለባጃጁን ጥቁር መነጽር አደረገ። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ሚዶ ያለው በመነጽር፣ መነጽር ያለው ያለ መነጽር ዓይኑን ጨፍኖ።

ልባሽ ልብስ ወደ ሀገር እንዳይገባ የተከለከለ ነው። ይሁንና ልባሽ ያልተዘረጋበት ሰኞ አላውቅም። ቦንዳው ሲፈታ ሻጩ ሱሪውን በሸራ ላይ ይከምረዋል፣ ከዚያ በኋላ ጉልበት ነው።

እዚያው ክምሩ ላይ ተጣላን። እነሱ የሚያነሡት ጉልበቱ የተፋቀውን፣ ጭኑ ላይ የነጣውን ነው። እኔ የምፈልገው ጭኑ ሙሉ የሆነ፣ የወፍራም ሰው ሱሪ ነው፤ ጨርቅ የሚገኘው ከዚያ ነውና። ጂንስ ላይ ቀለም የሚነከረው በቁመት የሚሄደው ክር፣ ድሩ፣ ብቻ ነው፤ በአግድም የሚገባው ማጉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሱሪው ሲፋቅ የሚታያቸው ጌጥ ማጉ ነው፤ ድሩ አልቋል ማለት ነው። ይህን ብነግራቸው «እንዲያውም!» አሉኝ። ላስቲክ የተቀላቀለበትን ሁሉ ግን በጎን እየሳብኩ ጣልኩት፤ የሚለጠጥ ጨርቅ ከሸማ ጋር አይስማማም። ዐሥር ሱሪ ይዘን ወጣን።

ለጀርባው ከአንድ ሸማኔ ሁለት ባለጥለት ነጠላ ገዛሁ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ረጅሙ በዚህ መካከል ሽርጥ የሚሸጥበት ዘንድ ቆሞ ስለነበር ሁለት ጊዜ ጠራሁት።

ጥር 8፣ ሐሙስ

መተርተር። የጂንስ የውስጥ እግር ስፌት ድርብ ነው፣ ጨርቁ በጨርቅ ውስጥ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ይረገጣል፤ ምላጭ ካልሆነ አይበገርም። ከአንድ እግር የሚወጣው ወደ 70 ሳንቲም ሜትር የሚረዝም፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ቁራጭ ነው። ኪሱ ጥግ ላይ ያሉትን የብረት ሚስማሮች በጉጠት ነቀልኩ። እነዚህን ሚስማሮች የፈለሰፈው ጄኮብ ዴቪስ የሚባል፣ አሜሪካ ውስጥ ኔቫዳ የሚኖር እንደ እኔ ያለ ልብስ ሰፊ ነበር። የሠራተኛ ኪስ እየተቀደደ ሲያስቸግረው ማዕዘኑን በሚስማር መታው። የፈጠራ መብቱን በፈረንጆች 1873 ያወጣው ከጨርቅ ነጋዴው ከሌዊ ስትራውስ ጋር ሆኖ ነው፤ ስሙ የቀረው ግን የነጋዴው ነው። ለምን እንደሆነ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል።

ማምሻውን አራተኛው፣ በር ላይ የነበረው ተማሪ፣ ብቻውን መጣ። ስለ ልኬት የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። 1300 ብሩ የለውም። ለጓደኞቹ መንገር አይፈልግም፤ እነሱ ከሰሙ ያዋጡለታል፣ እሱ የማይፈልገውም ይህንን ነው። እናቱ የገባችው እቁብ የሚደርሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ምላጩን ሰጠሁትና ሱሪ መተርተር ጀመረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሠራ። እጁ ትዕግሥተኛ ነው፤ ጨርቁን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የነካው።

ጥር 12፣ ሰኞ

ትናንት ጥምቀት ስለነበር ሥራ የለም። ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች በየሰፈራቸው አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርተዋል። ከሩቅ ሳያቸው አንድ ናቸው። ቀርቤ ሳይ አንዱ እጅጌውን ጠቅልሏል፣ አንዱ አንገቱን ቀዶ አስፍቶታል፣ አንዷ ወገቧ ላይ ቋጥራዋለች።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ረጅሙ ብቻውን መጣ። በፌስታል የያዘው የአባቱን ሽርጥ ነው። አባቱ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከወረባቦ ወደ ደሴ የመጡት በዚሁ ሽርጥ ነው ይላል። «የእኔ ጀርባ ላይ ይህ ይግባልኝ። ለእነሱ አይንገሩብኝ፣ ካለቀ በኋላ ይዩት።»

አራቱም አንድ ዓይነት ይሁን ብላችሁ አልነበረም ወይ አልኩት። «አንድ ዓይነት ነው እኮ» አለኝ።

ሽርጡ አረንጓዴና ቡናማ መስመር ያለው ነው፤ ከመታጠቡ ብዛት ለስልሷል። ጠርዙን ለመፈተሽ ስገለብጠው የፋብሪካውን ትንሽ ጽሑፍ አገኘሁ። ኢንዶኔዥያ የተሠራ ነው። ዝም ልበል ብዬ አሰብኩና ነገርኩት። ጽሑፉን በጣቱ ደባበሰና ሳቀ። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከለበሰው የወረባቦ ነው።» መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ጥለቱን የገዛሁለት ነጠላም ድሩ የፋብሪካ ነው።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ዛሬ ባለባጃጁ፣ እሱም ብቻውን። ከአንዱ ሱሪ ወገብ ላይ ያለውን ሁለት ፈረስ የታተመበትን የቆዳ ቁራጭ አይቶታል። እሱ ኮሌታው ላይ እንዲሰፋለት ይፈልጋል፤ ከሱሪው የኋላ ኪስ ላይ ያለችውን ቀይ ጨርቅ ደግሞ ደረት ኪሱ ላይ። «ማርክ የሌለው ልብስ ስም የሌለው ሰው ማለት ነው» አለኝ። ባጃጁን አውቀዋለሁ፤ ከፊት መስተዋቱ መንገድ የሚታይበት ቦታ ትንሽ ነው፣ ቀሪው ተለጣፊ ጽሑፍ ነው። የእንግሊዝ ቡድን ዓርማ፣ «በአላህ ተመካሁ»፣ «ድንግል ትጠብቅህ» ሁሉም አለበት። የመጨረሻው የቀድሞው ባለቤት የለጠፈው ነው፤ መላጥ ነውር መስሎት ተወው።

ጃኬቱ የእኔ ሥራ ሆኖ ሳለ የሌላ ስም ይለጠፍበታል ማለት መጀመሪያ ላይ ደስ አላለኝም። በኋላ ግን ኮሌታው ላይ ሳይሆን በውስጥ በኩል አንገት ሥር እንዲሆን ተደራደርን። እሱ ሲያወልቀው ብቻ ይታያል። «እንደሱ ይሻላል፣ ፍለጋ ይመጣሉ» አለ።

ጥር 18፣ እሑድ

የአባቴን ደብተር አውጥቼ የሱሪ አፍ ስፋት የምትለዋን መደዳ ብቻ ተከተልኩ። በ1963 ዓ.ም. ገጽ ላይ 30፣ 32፣ አንድ ቦታ 34 ሳንቲም ሜትር። ቤልቦተም ነው። አባቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያነሣው ወሬ ነበረው፤ በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች የባዕድ ቅንጦት ነው ብለው ተቃውመው ረብሻ የተነሣበትን። «የተቃወሙትም ሱሪያቸው ሰፊ ነበር» ይል ነበር እየሳቀ።

ከዚያ አብዮቱ ይመጣል። 22፣ 22፣ 22። ካኪ ነው፤ ገጹ ሲታይ የከተማው ሰው ሁሉ አንድ እግር ያለው ይመስላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፊቱ የታጠፈው ሱሪ፣ 24። ከዚያ የእኔ እጅ ጽሑፍ ይጀምራል፤ 2003 ዓ.ም. ላይ 15፤ አንዱ ደግሞ 13 አሰፍቶ ተረከዙ አላልፍ ብሎት እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በላስቲክ ከረጢት አንሸራቶ አስገባው። ዘንድሮ 26። እነዚህ ልጆች ለሱሪያቸው 26 የሚሉኝ አዲስ ነገር እንደሚነግሩኝ ሆነው ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ዓይኔን የያዘው ግን የደብተሩ ጠርዝ ነው። አባቴ ቁጥር ብቻ ነበር የሚጽፈው ብያለሁ፤ ተሳስቻለሁ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ እንዲህ ይላል፦ «ከጓደኛው በ1 ይስፋ»፣ «እንደ ወንድሙ፣ ኪሱ ግን ሰያፍ»፣ «ከሌሎቹ ቁልፍ በአንድ ይብለጥ፣ ዝም በል»። ያ ሁሉ 22 ባለበት በካኪው ዘመን ገጽ ላይ እንኳ ይህ ጽሑፍ አለ፤ እንዲያውም እዚያ ይበዛል። ጎረምሳ ልብስ የሚያሰፋው አንዷን ሳንቲም ሜትር ነው፤ ቀሪው የጓደኞቹ ነው። ዋጋ ስተምን ይህን ለምን እንደማልቆጥር አላውቅም፤ አንዷ ሳንቲም ሜትር ናት ሌሊት የምታሳድረኝ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

የራሴ ጥፋት። ሁለቱን ባለጥለት ጀርባዎች ገጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ስፌቱን ለማስተኛት በእርጥብ ጨርቅ ካውያ አደረግሁበት። ጥለቱ ዓይኔ እያየ ተሸበሸበ። የእጅ ፈትሉ ማግ ውሃ ሲነካው ሰበሰበ፤ ጂንሱ ግን በባለቤቱ ዘመን መቶ ጊዜ የታጠበ ስለሆነ ከዚህ በኋላ የሚሰበሰብበት ነገር የለውም። 42 ሳንቲም ሜትር የነበረው ወርድ 38 ሆነ። ጀርባው ላይ የተጨማደደ ግንባር የመሰለ ነገር ተፈጠረ።

ሸማ ሳይነከር አይቆረጥም፤ ይህን ገና ልጅ ሳለሁ የተማርኩት ነው፣ ችኮላ ነው ያስረሳኝ። ሁለቱንም ተረተርኩ። ቀሪውን ጥለት በሙቅ ውሃ ነክሬ ሰቀልኩት። ቀዩ ቀለም ይለቅ እንደሆነ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጌ በካውያ ተጫንኩት፤ አልለቀቀም፣ ተመስገን። የሸማው ጠርዝ ስለሚፈታ ከኋላው ስስ አቡጀዲ ደርቤ ዙሪያውን በእጅ ያዝኩት። የሁለት ቀን ሥራ ነው። ተማሪው መጥቶ ሲያይ ምንም አላለም፣ ምላጩን አንሥቶ ተቀመጠ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ሦስተኛው ጃኬት መርፌ ሰበረብኝ። ትከሻው ላይ ሁለት ድርብ ስፌት ሲገናኝ ስምንት ንብርብር ይሆናል። 14 ቁጥር መርፌ ይዞ መግባት ሞኝነት ነው፤ በ16 ቀየርኩ፣ መጋጠሚያውን በመዶሻ ቀጥቅጬ አሳሳሁት፣ ሳሙናም አሸሁበት።

ወደ ማታ የፓርኩ ልጅ መጣ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሠራው። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲከፈት ታላቅ እህቱ ገብታ ነበር፤ በ2014 ጦርነቱ እዚያ ሲደርስ ሥራው ቆመ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ አጎዋ የሚሉትን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አነሣች። እህቱ አልተመለሰችም። እሱ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

አራተኛው የግል ጥያቄ እንደሚመጣ ገምቼ ስለነበር «አንተስ?» አልኩት። «አንዱን ኪስ እኔ ልስፋው» አለ።

ሥራው እጅጌ ማያያዝ ብቻ ነው። ከግራው ሰው ይቀበላል፣ ያያይዛል፣ ለቀኙ ያሳልፋል። ጠዋት እጅጌ፣ ማታ እጅጌ። ያ ልብስ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያየው ካርቶን ውስጥ ሲገባ ነው፤ ማን እንደሚለብሰውም አያውቅም። ኪስ ሰፍቶ አያውቅም።

ሲንጀሩ ላይ አስቀመጥኩት። የለመደው በደቂቃ ከ4000 ስፌት በላይ የሚረግጥ የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነ የእግር ፔዳል አልታዘዘውም፤ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩን ይበጥሳል። ሦስት ጊዜ በጠሰ። በዓለም ገበያ የሚሸጥ እጅጌ የሚያያይዝ ልጅ አንድ ኪስ ላይ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ተሰፋ፤ የቀኝ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፣ የታችኛው ማዕዘን ግን ተንጋዷል፣ ስፌቱም አንድ ቦታ ላይ ዘሏል። «ልተርትረው?» ስለው እጁን በኪሱ ላይ አኖረው። «ይተዉት እትዬ።»

ጥር 26፣ ሰኞ

አምስተኛ ጃኬት መጣ። የባለባጃጁ ታናሽ እህት፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወንድሟ ሳይሰማ ሰምታለች። ሦስት ሱሪ ራሷ ገዝታ፣ ራሷ ተርትራ፣ አጥባ፣ ካውያ አድርጋ ነው ያመጣችልኝ። አራቱ ጎረምሶች ሥዕል ነበር ያመጡልኝ፤ እሷ ልኬት ነው ያመጣችው።

አባያ ላይ የሚለበስ ስለሆነ ወገቡ ላይ ማለቅ የለበትም፤ ከጉልበት በላይ አራት ጣት። ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ለመራመድ። እጅጌው ሰፊ፣ ግን አንጓው ላይ ቁልፍ ያለው፤ ውዱዕ ስታደርግ እንዲጠቀለል። ጀርባው ላይ ምንም አይግባ። «ጥለቱ ከተረፈ በውስጥ ገበሩ ላይ ያድርጉልኝ። እኔ ካወቅሁት ይበቃኛል።» እናትሽስ ምን ትላለች ብላት ርዝመቱን በእናቷ ፊት ለክታ እንዳስፈቀደች ነገረችኝ። እናትየው የተቃወሙት ጂንሱን አይደለም፣ ወንዶቹ የሚለብሱት መሆኑን ነው። ስለዚህ የወንዶቹ እንዳይመስል ማድረግ የእኔ ፈንታ ሆነ።

ከአምስቱ በጣም የደከምኩበት ይህ ነው፤ የምኮራበትም ይኸው ነው። ትከሻውን ከወንዶቹ አጠበብኩ፣ ኮሌታውን ዝቅ አደረግሁት፣ ጉፍታዋ እንዳይነሣባት።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ልኬታ። አራቱ አንድ ላይ መጡ፤ ጀርባቸውን እያዞሩ ተያዩ። ሽርጡን ሲያዩ ዝም አሉ፣ ከዚያ የፓርኩ ልጅ ብቻ «አላህ ይርሐማቸው» አለ። የቆዳውን ፈረስ ሲያዩ ሳቁበት፣ ሲስቁ ደግሞ ሁሉም እጃቸውን ሰደው ነኩት። ኪሱን ያስተዋለ የለም። ተማሪው ጃኬቱን ለብሶ መስተዋት ፊት ብዙ ቆየ። ከእሱ የቀረኝ 300 ብር ነው፤ ፊት ለፊታቸው «የአንተ ተከፍሏል» አልኩት።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

መልሱ ላይ አልተጠራሁም፣ ልብስ ሰፊ አይጠራም። ወሬው ግን ደርሶኛል። ሲገቡ አንድ አዛውንት «ይህ የቀን ሠራተኛ ልብስ ነው ወይስ የመልስ?» ብለው ጠይቀዋል። ሙሽራው ደግሞ የራሱን ካባ አውልቆ የባለባጃጁን ለብሶ ጨፍሯል። ጭፈራው ሲግል አራቱም ጃኬታቸውን አውልቀው አንድ ወንበር ላይ ከመሩት፤ እህትየው ብቻ አላወለቀችም። ከዚያ መብራት ጠፋ።

በጨለማ ለመሄድ ሲነሡ የየራሳቸውን በእጃቸው ፈለጉ። ባለባጃጁ አንገት ሥር ቆዳውን ዳብሶ አገኘ። የፓርኩ ልጅ እጁን ኪስ ውስጥ አስገብቶ በተንጋደደው ማዕዘን ለየው። የቀሩት ሁለቱ ግን ተቀያየሩ።

ረጅሙ ዛሬ ጠዋት በሬ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። እጅጌው ከአንጓው አራት ጣት ወደ ላይ ቀርቷል፣ ጀርባው ላይ ጥለት አለበት። የአባቱን ሽርጥ ለብሶ ተማሪው ትናንት ትምህርት ቤት ውሏል። ረጅሙ ደውሎለት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ጨምርልኝ አለው።